የቤት ቁጥራችንንና ስልካችንን ለማያውቁን አትስጡብን

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለነጥብ ኢቲ (.et) የዶሜይን ስም አስተዳዳሪዎች
የዶሜይን ስም ለሚሸጡና ለሚያስመዘግቡ ድርጅቶች ሁሉ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የዶሜይን ስም ባለቤቶች አድራሻ ከአይፈለጌ መልዕክት ላኪዎችና ከአጭበርባሪዎች እንዲጠበቅ ስለመጠየቅ

የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሳበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሥር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ የጽሕፈት፣ የኅትመትና የድረ ገጽ ሥራ እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት ፎቶ ኮፒና የሥራ ማመልከቻ ይበዛል። ከሰዓት በኋላ ግን ዶሮ አርቢው፣ ብረት በያጁ፣ የሕፃናት ማቆያ የከፈተችው እናት እየመጡ «ለእኔም ድረ ገጽ ይሠራልኛል?» ይሉኛል። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ከተማው ዳር ላይ ተቀምጦ ዕቃውን መሀል ፒያሳ ላለ ሰው፣ ከዚያም አልፎ ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ማሳየት መቻል ቀላል ነገር አይደለም።

ከደንበኞቼ አንዷ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው፣ በርበሬ፣ ሽሮና ሌላም ባልትና የሚያዘጋጁ እናት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ደብዳቤው ራሱ ስለዚህ ነውና። የዶሜይን ስማቸውን፣ ማለትም ድረ ገጻቸው የሚጠራበትን የኢንተርኔት አድራሻ፣ ለማስመዝገብ ቅጹን የሞላነው አብረን ነበር። እሳቸው ከጎኔ ባለው ወንበር ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እየተረጎምኩ ስጠይቃቸው አንድ በአንድ ይመልሱልኛል። ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል። የመንገድ ስም የሚለው ላይ ስንደርስ፣ የእኛ መንገድ ስም ስለሌለው የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር አስገባሁ። «ትክክሉን ጻፍ ልጄ፣ ኋላ ጣጣ እንዳያመጣብን» አሉኝ። ትክክሉን ጻፍኩ። 14 ዶላር ተከፈለ፤ ስሙም የእሳቸው ሆነ።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ኢሜይላቸው ተጥለቀለቀ። አንዱ አርማ ልሥራልዎ ይላል፤ ሌላው ድረ ገጽዎን በፍለጋ አንደኛ አደርግልዎታለሁ ይላል። ገና አንድ ገጽ እንኳን ያልተሠራለት ስም ነው። ይህን ችለነው ነበር። ስልኩ ግን ሌላ ነው። በባሕር ማዶ የሥራ ሰዓት የሚደውል ሻጭ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሌሊት ነው። እትዬን የጠሯቸው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች። እኛ ሀገር ከውጭ ቁጥር በሌሊት የሚጮህ ስልክ ምን ሊያረዳ እንደሚችል ለእናት መንገር አያስፈልግም። ጨለማ ውስጥ ተንደርድረው ሲያነሱት የማያውቁት ሰው በማያውቁት ቋንቋ አወራቸው። ስለ ልጃቸው የሚነግራቸው መስሏቸው «ምን ሆነች? ምን ሆነች?» እያሉ እስኪዘጋባቸው ድረስ ይዘውት ቆዩ። በማግስቱ፣ ከዚያም በሦስተኛው ሌሊት እንዲሁ ሆነ።

ስልክዎን ሌሊት ይዝጉት ብዬ ለመምከር አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዋጥኩት። እንዲህ ያለች እናት ስልኳን አትዘጋም።

«ስልኬን ማን ሰጣቸው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። የዶሜይን መረጃ የሚፈለግበትን ገጽ ከፍቼ የዶሜይን ስማቸውን አስገባሁ። ሁሉም እዚያ ተዘርግቷል፤ ስማቸው እስከ አያት፣ ስልካቸው ከነ 251ዱ፣ ኢሜይላቸው፣ ብሎኩ፣ የበሩ ቁጥር። የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። መዝጋቢው ድርጅት ከክፍያው ገጽ ግርጌ፣ መረጃውን ለመሸፈን ተጨማሪ ዓመታዊ ክፍያ የሚጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን አስቀምጦ ኖሯል። ደንበኛዬን ወጪ ላለማብዛት ብዬ ሳጥኗን ሳልነካ አልፌያታለሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ እንዲህ ያለ ቅጽ በሞላሁ ቁጥር የእትዬ ፊት ይመጣብኛል።

ነገሩ በስልኩ አላበቃም። ከወራት በኋላ ስማቸውን፣ የዶሜይን ስማቸውንና የቤት ቁጥራቸውን በትክክል የያዘ፣ የክፍያ መጠየቂያ የሚመስል ኢሜይል ደረሳቸው። የስምዎ ጊዜ ሊያልቅ ነው፤ ዛሬ ካልከፈሉ ያጡታል ይላል። የተጠየቀው 189 ዶላር ነው። ኢሜይሉን ለእኔ ከማሳየታቸው በፊት ፎቶ አንስተው ለልጃቸው ላኩላት፤ ልጅቷም የእናቷ ሥራ እንዳይበላሽ ብላ የወር ደመወዟን የሚያህል ገንዘብ ከፈለች። በኋላ ኢሜይሉን አተኩሬ ሳነብ፣ ከሁሉም በታች በደቃቅ ፊደል፣ ክፍያው የፍለጋ ማስታወቂያ አገልግሎት እንጂ የስም እድሳት እንዳልሆነ ተጽፏል። ስሙ የሚያልቅበት ቀን ገና ሰባት ወር ይቀረው ነበር። እትዬን ያሳመናቸው ግን ሌላ ነገር ነው። «ቤቴን ያውቃል እኮ፤ የማያውቀኝ ሰው የበሬን ቁጥር ከየት ያመጣል?» አሉኝ።

ይህ መዝገብ ከየት እንደ መጣ ባጭሩ ልናገር። ሁኢዝ (WHOIS) የሚባለው፣ መዝገቡ የሚጠየቅበት ሥርዓት በጽሑፍ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ያን ጊዜ አርፓኔት በሚባለው የአሜሪካ የምርምር መረብ ላይ የነበሩት ኮምፒውተሮች ጥቂት መቶ ብቻ ነበሩ። ተጠቃሚዎቹ ስማቸውን፣ የፖስታ አድራሻቸውን፣ ስልካቸውንና ኢሜይላቸውን እንዲያስመዘግቡ ይጠየቁ ነበር፤ አንዱ ማሽን ሲበላሽ ሌላው ለባለቤቱ እንዲደውል ነው። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ሰፈር ይህ መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ መረቡ ዓለምን አዳረሰ፤ የመዝገቡ በር ግን እንደ ድሮው ተከፍቶ ቀረ። የዓለም የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን እ.ኤ.አ. በ2001 ከመዝጋቢዎች ጋር የገባው ውል፣ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር የሚከፍል ሰው የደንበኞችን ዝርዝር በጅምላ እንዲያገኝ እስከመፍቀድ ደርሶ ነበር። ለጅምላ ማስታወቂያ እንዳይጠቀምበት ቃል ይገባል እንጂ፣ ቃሉን ማፍረሱን ማን ያያል?

ጥርጣሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአይካን የጸጥታ አማካሪ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ስሞችን አስመዝግቦ ለሌላ ለምንም ያልዋሉ የኢሜይል አድራሻዎችን መዝገቡ ላይ በማስቀመጥ የሚመጣውን መልዕክት ተከታትሏል። በመዝገቡ ላይ በግልጽ የታየ አድራሻ አይፈለጌ መልዕክት እንደሚደርሰው የተረጋገጠ ያህል ሆኖ አገኘው። አድራሻው ሲሸፈን፣ መዝገቡም በማሽን ከሚደረግ ተደጋጋሚ ጥያቄ ሲጠበቅ መልዕክቱ እጅግ ቀነሰ። መድኃኒቱ ከታወቀ ቆይቷል ማለት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ተግባራዊ ሲሆን፣ አይካንም ከዚያው ቀን አንስቶ ነጥብ ኮምን (.com) ለመሰሉ ስሞች ጊዜያዊ መመሪያ አወጣ። የግለሰቦች ስም፣ ስልክና ኢሜይል ከሕዝብ ዕይታ ተሸፈነ። ግን ልብ በሉ፤ ግዴታው የአውሮፓን ነዋሪዎች የሚመለከት ነበር፤ ለቀረው ዓለም መሸፈኑ ለመዝጋቢው ፈቃድ ተተወ። ብዙዎቹ ለሁሉም ሸፍነዋል። እንዳይሸፍን የመረጠ ድርጅት ካጋጠመዎት ግን፣ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ በመሆንዎ ብቻ የቤትዎ ቁጥር አደባባይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ አርዳፕ የተባለው አዲስ ሥርዓት ለእነዚህ ስሞች የአሮጌውን የሁኢዝን ቦታ ተክቷል። የአርዳፕ አንዱ ጥቅም፣ ጠያቂው ማን እንደሆነ ለይቶ ለአንዱ ብዙ፣ ለሌላው ጥቂት ማሳየት መቻሉ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የለም የሚባል ምክንያት አሁን አይሠራም።

የሰፈራችን እድር መዝገብ አለው። ጸሐፊው ዘንድ የእያንዳንዱ አባል ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክና የቤተሰቡ ብዛት ተጽፎ ይገኛል። ሰው ሲያርፍ ለፋፊው በዚያ መዝገብ ይደርሰናል፤ ድንኳኑም ትክክለኛው ግቢ ይተከላል። መዝገቡ እውነተኛ ካልሆነ እድሩ ራሱ አይሠራም። ሆኖም ጸሐፊው ያንን ደብተር በመብራት ምሰሶ ላይ ሲለጥፍ አይቶ የሚያውቅ ማን አለ? ቢለጥፍ በሚቀጥለው ስብሰባ ይሻራል። ለዶሜይን ስም የምንጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም። መዝገቡ ይኑር፣ እውነተኛም ይሁን፣ ጸሐፊው ግን ይጠብቀው።

ይህን አጥብቄ የምለው ባለ ስሙ መዋሸት ስለማይችል ነው። በአይካን ሥርዓት የተሳሳተ አድራሻ ያስገባ ሰው ስሙን ሊነጠቅ ይችላል። መዝጋቢው ስለ መረጃው ትክክለኛነት ጠይቆት ከ15 ቀን በላይ መልስ ካልሰጠም ስሙ ሊታገድ ይችላል። ደንቡ ተገቢ ነው፤ አልቃወመውም። ግን እትዬን «እውነቱን ተናገሪ፣ አለዚያ ንብረትሽን ታጫለሽ» ብሎ ያስገደደ አካል፣ የተነገረውን እውነት የመጠበቅ ዕዳ አለበት። እኔ ከእናንተ የምፈልገው ይህ ዕዳ እንዲታወቅ ነው።

ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ሰው በራሱ መንገድ መደበቂያ ይፈልጋል፤ መደበቂያው ደግሞ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ከእኔ ቤት ከፍ ብሎ በርና መስኮት የሚሠራ ብረት በያጅ አለ። ድረ ገጹን የሠራለት ወጣት «ስልክዎ እንዳይወጣ ብዬ ነው» ብሎ ስሙን ያስመዘገበው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ነው። ክፋት አስቦ ነው አልልም። ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣቱ ከሀገር ወጣ። የእድሳት ማሳሰቢያዎቹ ሁሉ ማንም በማይከፍተው በዚያ ኢሜይል ሲጠራቀሙ ቆይተው የስሙ ጊዜ አለፈ፤ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜውም አለፈ፤ ሌላ ሰው ወሰደው። ብረት በያጁ ንብረቱ ነው ብሎ የሚከራከርበት አንድ ወረቀት የለውም፤ በመዝገቡ ላይ ስሙ ኖሮ አያውቅምና። የግቢው በር ላይ በቢጫ ቀለም የተጻፈው የድረ ገጹ ስም ዛሬም አለ። ሲከፍቱት የቁማር ማስታወቂያ ይወጣል። በዚያ በር ፊት ባለፍኩ ቁጥር ያመኛል።

ስለዚህ ሽፋን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ መለየት አለብኝ። አንደኛው ዓይነት አገልግሎት ባለቤቱን በመዝገቡ ላይ ባለቤት አድርጎ ያቆየዋል፤ የሚቀየረው ለሕዝብ የሚታየው መገናኛ አድራሻ ብቻ ነው፣ ወደ እሱ የተላከውም ለባለቤቱ ይተላለፋል። በሌላው ዓይነት ግን በመዝገቡ ላይ ባለቤት ተብሎ የሚጻፈው ሽፋን ሰጪው ድርጅት ራሱ ነው፤ ባለ ስሙ የሚተማመነው ከእሱ ጋር ባለው ውል ብቻ ይሆናል። ለእኛ ሰፈር ሰው የሚበጀው የመጀመሪያው ነው። ለደንበኛ ሽፋን የምትሸጡ ሁሉ የቱን እየሸጣችሁለት እንደሆነ በአማርኛ ንገሩት።

መዝገቡ ከተሸፈነ ሌባ ይደበቅበታል የሚሉ አሉ፤ ሥጋታቸውን አልንቀውም። የባንክ ገጽ አስመስሎ የሰው ገንዘብ የሚዘርፍ ሲመጣ፣ መርማሪዎች፣ የጸጥታ ባለሙያዎችና የንግድ ምልክት ባለቤቶች ከስሙ ጀርባ ያለውን ሰው ማወቅ ይፈልጋሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 በኋላም ሥራችን ከበደ ብለው በይፋ አቤት ብለዋል። ለዚህ የሚሆነው ዘበኛ ያለው በር ነው። አይካን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ሕጋዊ ምክንያት ያለው ሰው ማንነቱንና ምክንያቱን ገልጾ የተሸፈነ መረጃ የሚጠይቅበት ሥርዓት ጀምሯል፤ የእኛም ፖሊስና ፍርድ ቤት በእንዲህ ያለ በር ይግቡ። ስሙ የተመዘገበበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የመዝጋቢው ድርጅት ስም፣ በደል የሚጠቆምበት የመዝጋቢው አድራሻም ለሁሉም ይታዩ፤ እነዚህ ማንንም ከእንቅልፉ አይቀሰቅሱም። አጭበርባሪው እንደ ሆነ በቀድሞው ክፍት መዝገብም የውሸት ስምና የውሸት ስልክ ነበር የሚያስገባው። ተዘርግታ የምትቀረው «ትክክሉን ጻፍ» ያለችው እናት ነበረች።

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣ ለእኛ የሚሆን ሕግ ከብራሰልስ መጠበቅ አይገባንም፤ የራሳችን አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበርና መጠበቅ ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል ዳታ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገውም በላይ እንዳይሰበሰብ ይላል፤ የማስፈጸሙን ሥራም ለእናንተ ሰጥቷል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን ያስቀጣል፤ ላኪው ግን የት ሀገር እንዳለ በማይታወቅበት ነገር ቅጣቱ ማንን ያገኛል? ልንደርስበት የምንችለው አድራሻው የወጣበትን በር ነው። በሩ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ስም ከሚሸጡት በብዙዎቹ እጅ ነው። ስም ሲሸጡ የደንበኛውን ስልክ ማን እንደሚያየው ሳይነግሩ ክፍያ እንዳይቀበሉ፣ ሽፋኑም ከመጀመሪያው በነፃ የበራ እንዲሆንና ባለቤቱ ራሱ ልግለጠው ሲል ብቻ እንዲነሳ መመሪያ አውጡልን። እውነትን መጠበቅ ተጨማሪ አገልግሎት ተብሎ የሚሸጥ ነገር መሆን የለበትም።

የነጥብ ኢቲ አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ይህ መለያ ለሀገራችን የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የሀገር መለያ የሆኑ ስሞችን መዝገብ እንዴት እንደሚገለጥ የሚወስነው የየሀገሩ አስተዳዳሪ እንጂ አይካን አይደለም። ስለዚህ የእኛን ጉዳይ እናንተው ትወስኑታላችሁ። የምለምነው የግለሰብና የጥቃቅን ነጋዴ ስልክ፣ ኢሜይልና የቤት ቁጥር በሕዝብ መጠየቂያ ላይ እንዳይወጣ በጽሑፍ እንድታረጋግጡልን ነው። ባለ ስሙን ማግኘት የፈለገ ሰው አድራሻውን ሳያይ መልዕክት የሚልክበት አንድ ቅጽ ይኑር። ቅጹ ላይ ድርጅት የሚለውን የመረጠ ሁሉ ትልቅ ኩባንያ እንዳልሆነም አስቡልን፤ የእትዬ ድርጅት የሚገኘው ከመኝታ ቤታቸው ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው።

እንደ እኔ ቅጽ የምትሞሉ የሙያ ባልደረቦቼም አላችሁ። እኔ አሁን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለምዝገባ ብቻ የሚውል ሌላ ኢሜይል እከፍታለሁ፤ ለሚችል ሰው ከቤት ቁጥር ይልቅ የፖስታ ሳጥን ቁጥር እንዲጠቀም እመክራለሁ፤ ከተመዘገበ በኋላም ደንበኛው ከጎኔ ተቀምጦ ሳለ መዝገቡን ከፍቼ ለሰው የሚታየውን አሳየዋለሁ። ባለቤትነቱን ግን ምንጊዜም በራሱ በደንበኛው ስም አድርጉት።

የእትዬ ስም የሚታደስበት ወር ኅዳር ነው። ስልካቸው አሁንም ሌሊቱን ከራስጌያቸው በርቶ ያድራል። በቅርቡ ሱቄ መጥተው «የሀገራችንን ብናደርገው አይሻልም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ነጥብ ኢቲን ማለታቸው ነው። እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቅጹን ከፊታቸው ከፍቼ ስልክዎን ልጻፍ ስላቸው፣ ይህን ቁጥር ማን ያየዋል ብለው ይጠይቁኛል። የምነግራቸውን መልስ ከኅዳር በፊት እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

በቱሉ ዲምቱ የጽሕፈትና የድረ ገጽ ሥራ ባለሙያ